ቀይዋ አውሮፕላንና ሦስቱ ሚዛኖች

ማርች 9
ነፋስ ከባሕሩ። ቁርስ ዳቦና የጨው ዓሣ፣ ቅቤው ወፍራም። ከሰዓት ወደ አውሮፕላን ሜዳው ሄድኩ። ሁለት አውሮፕላኖች ለሽያጭ ቆመዋል። ነጯ አዲስ ናት፣ ቀላል። ቀይዋ አሮጌ፣ ክንፏ ሸራ የለበሰ። መካኒኳ ጉድሩን «ነጯን ውሰድ» አለች። ነጯ ግን ፍሪጅ ነው የምትመስለው... በዚህ ዕድሜዬ ፍሪጅ ልንዳ?
ዋናው ሁለት ወንበር ይኑራት። አንዱ ለልጄ ለቦዲል። ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ ኢንገር ከሞተች ወዲህ በስልክ ስለ ዝናብ ብቻ ነው የምናወራው።

ማርች 15
ቀይዋን ገዛሁ። የወረቀቱ ብዛት! ሻጩ «አንብበህ ፈርም» አለ። አገላበጥኩ፣ ፈረምኩ። ድሮ ኢንገር ነበረች የምታነብልኝ። የበረራ ፈተናውን መጽሐፍ እንኳ ክረምቱን ሙሉ እሷ አንብባልኝ ነው በአራተኛው ሙከራ ያለፍኩት። ይህን ማንም አያውቅም።

ኤፕሪል 2
ብቻዬን በረርኩ። አርባ ዓመት ዓሣ ያጠመድኩበት ባሕር... ለካ እንዲህ ሰፊ ነው?

ኤፕሪል 20
ቦዲል እሁድ ከኦርሁስ ከተማ ልትመጣ ነው። ለጉድሩን ነገርኳት።
«መዝነሃታል?»
«ቦዲልን?»
«አውሮፕላኗን፣ አንተ ሽማግሌ!»
በሦስቱ ጎማዎች ሥር ሦስት ሚዛን አስገባች። የድሮ ባለቤቶቿ ቀለም ደራርበውባታል፣ ምንጣፍ፣ ትርፍ ሬዲዮ... እኔና ቦዲል ከገባንባት ከተፈቀደው ክብደት በሃያ ሰባት ኪሎ ታልፋለች። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል አለች፣ ሦስተኛው ገጽ።
ዕድሜ ልኬን ዓሣ የመዘንኩ ሰውዬ!
ለቦዲል ደወልኩ። «ነፋስ አለ፣ አትምጪ።» ነፋስ አልነበረም።

ኤፕሪል 21
ሜዳው አልሄድኩም።

ኤፕሪል 28
ሄድኩ። ጉድሩን፣ «ኩርፊያህስ ስንት ኪሎ ነው?» ሳቅኩ መሰለኝ። ምንጣፉን ነቀልን። ትርፉን ሬዲዮ አወጣን። ከባዱን ባትሪ በቀላል ቀየርን። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ወረደላት። ስምንት ቀረ። ጉድሩን ሆዴን ታያለች።
«ምን ያስፈጥጥሻል?»
«ምንም። ስምንት ኪሎ አየሁ።»

ሜይ 17
ጎመን። ቅቤ የለም፣ ቢራ የለም። ሦስት ኪሎ ቀነስኩ። አምስት ይቀራል።

ጁን 14
ከመነሳት በፊት የሚነበበውን ካርድ ይዤ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ጉድሩን ቆማ ታየኛለች።
«ጨረስክ? የነዳጁስ ቧንቧ?»
ዝግ ነበር። ረስቼዋለሁ።
«በቃሌ ነው የማውቀው» አልኩ።
«ብቻህን ስትሆን አንገትህ ያንተ ነው። ልጅህን ይዘህ ግን ካርዱ ይነበባል።»
ካርዱን ኪሴ ከተትኩ። ማን ያንብብ?

ጁን 29
ስምንቱም ኪሎ ወረደ። ሱሪዬን በገመድ አሰርኩ። ቦዲል መጣች፣ ቀበቶዋን አሰረች። ካርዱን ሰጠኋት። 
«አንቺ አንብቢልኝ። ፊደል ይምታታብኛል። ድሮም እናትሽ ነበረች...»
ካርዱን ገለበጠችው። ከዚያ፣ «ለልደቴ የምትልክልኝ ካርድ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው?»
«ተሳስቼ ጽፌ ከምትስቂብኝ ብዬ ነው።» እዚህ ደብተር ላይ ብሳሳት ማን ያይብኛል?
«አባዬ! እኔ እኮ ተቀይመኸኝ መስሎኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ!»
አፍንጫዋን ጠረገች። ማንበብ ጀመረች።
«የነዳጅ ቧንቧ?»
«ክፍት።»
«በር?»
«ዝግ።»
አንድም መስመር አላስዘለለችኝም። እንደ እናቷ።
ከባሕሩ በላይ ወሬው አላለቀም። ስናርፍ ያካፋ ነበር። ስለ ዝናቡ ማናችንም አላነሳንም።