ቦይ በጆይስቲክ ስለመንደፍ ለግዥ ኃላፊያችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቢሯችን የግዥና ንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ማኅተም ከተመታባቸው በኋላ የገቡበት ስላልታወቀ፣ ይኸኛው እንኳ መንገድ ላይ የሚያነበው ሰው ያግኝ ብዬ ነው።

እኔ በውሃ መውረጃ ቢሯችን ውስጥ ለአሥራ ሰባት ዓመታት ቦይ ስነድፍ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። ክፍላችን ምድር ቤት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ስለሆነ፣ እርስዎም ደረጃው እንዳያደክምዎ ስለሚጠነቀቁ፣ በአካል አንተዋወቅም። ዘንድሮ ለእኔና «ጋሼ ማስመሪያ» እያልን ለምንጠራቸው አንጋፋ ባልደረባዬ የተሰጠን ሥራ የታችኛው ሰፈር ቦይ ነው፤ ዝናቡ ከዳገቱ ሲወርድ በማን ደጃፍ እንደሚያልፍ አስልተን፣ ክረምት ሳይገባ የሚቆፈርበትን መስመር በካርታ ማሳየት። ከዚያ ሰፈር ቤቶች አንዱ የእናቴ ነው። አምና ውሃው አልጋዋ ሥር ደርሶ ጎረቤት አዝሎ ነው ያወጣት። ስለዚህ ጉዳዩ የደመወዝ ሥራ ብቻ እንዳልሆነብኝ ከወዲሁ እናዘዛለሁ።

እንደሚያስታውሱት (አያስታውሱም እንጂ)፣ የክፍላችን ኮምፒውተር ይህን ስሌት ጀምሮ ስምንት ሰዓት ሙሉ ካቃሰተ በኋላ በዘጠነኛው ሰዓት ጸጥ ይላል። በዚህ ምክንያት ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ለጌም ተጫዋቾች የሚሸጠው ዓይነት አንድ ኮምፒውተር እንዲገዛልን ጠየቅን። ካርዱ በሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ስሌት መሥራት እንዳለበትም በአንድ ገጽ አያይዘን አቀረብን። ያ ገጽ እርስዎ በሚመሩት ኮሚቴ እጅ ገብቶ ሁለት የጌም ኮንሶሎችና አንድ ግዙፍ ቴሌቪዥን ሆኖ ተመለሰ። ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጥናቱ ጥልቀት አመሰግናለሁ። ቃለ ጉባኤውን አግኝቼ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ልብ አንጠልጣይ ጽሑፍ ከቢሯችን ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሦስቱ የኮሚቴው አባላት ስድስት ሳምንት ሙሉ ጥቁሩ ኮንሶል ይበልጣል፣ ነጩ ይበልጣል ሲባባሉ ከርመዋል። የሒሳብ ሹሙ ጥቁሩ በሰከንድ አሥራ ሁለት ትሪሊዮን ስሌት እንደሚሠራ ጠቅሰው ሲሞግቱ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ደግሞ ነጩ አሥር ብቻ ቢሠራም መረጃውን ከማከማቻው፣ ማለትም ዕቃውን ከመጋዘኑ፣ ቶሎ እንደሚያወጣ፣ ይህም ከራሳቸው የሥራ ልምድ አንጻር ትልቅ ነገር መሆኑን አስረድተዋል። ክርክሩ አልፈታ ሲል እርስዎ በጥበብዎ የመስክ ሙከራ አዘዙ፤ በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ በጥቁሩ ኮንሶል ላይ የእግር ኳስ ግጥሚያ ተደረገ፤ ቃለ ጉባኤውም «ጥቁሩ ሦስት ለአንድ አሸንፏል» ብሎ ዘጋው። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ማሽን ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ማሽኑ እንዴት አድርጎ ራሱን እንዳሸነፈ ግን እስከ ዛሬ ማታ ማታ ያሳስበኛል። ለማንኛውም የነጩ ደጋፊዎች ቅር እንዳይላቸው ሁለቱም ተገዙ።

ሁለተኛ፣ እኛ የለመንነው ኮምፒውተር ከውድድሩ የወጣበት ሥርዓት ፍትሐዊ ስለነበር አመሰግናለሁ። በንጽጽር ሠንጠረዡ መሠረት ኮምፒውተሩ ክብደቱ ከኮንሶሉ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ነጥብ ተቀነሰበት። ኮንሶሉ ሁለት ጆይስቲክ ይዞ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ማውስ ብቻ ይዞ በመቅረቡ እንደ ንፉግ ተቆጠረ። ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ስለሚፈልግም «ይበላል እንጂ አይሠራም» ተባለ። በመጨረሻም ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት ስለሚያበራ የመንግሥት ዕቃ ሳይሆን የመጠጥ ቤት ዕቃ ይመስላል ተብሎ ተሰናበተ። ፕሮግራማችንን መጫን ይችላል ወይ የሚል ረድፍ ግን በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ቦታ ጠቧችሁ እንደሆነ እረዳለሁ።

ሦስተኛው ስለ ሥልጠናው ነው። ኮንሶሉ ጉልበተኛ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ችግሩ ግን፣ የሠሩት ሰዎች ከፈቀዱለት ጨዋታ በስተቀር ሌላ ሥራ ወደ ቤቱ አለማስገባቱ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ግን የእኛን ቋንቋ አይሰማም። ይህን በጽሑፍ ሳሳውቅዎ የሦስት ቀን ሥልጠና አዘጋጁልን። ጋሼ ማስመሪያ ለጡረታ አምስት ወር ሲቀራቸው፣ መነጽራቸውን እየጠራረጉ በጆይስቲክ ቀጥ ያለ መስመር ሊያሰምሩ ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ጆይስቲኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ከእጅ አይሻል ዶማ አሉ፤ እኔስ በእጄ ብሠራው ይሻለኛል፣ ልጄ» አሉኝ። ከሳምንት በኋላ «የቀረበላትን ከፍተኛ ጉልበት ያለው መሣሪያ ባለመጠቀም ሥራ አጓትታለች» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር፤ ጩኸቱን በማኅተም ሲያጸድቅ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

አራተኛውን ምስጋና በአጭሩ ልጻፍ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ሰማዩ ሲጠቁር መታገሥ አቃተኝ። በምሳ ሰዓት ሥራዬን በፍላሽ ይዤ ከቢሯችን ፊት ለፊት ያለው ጌም ቤት ገባሁ። ባለቤቷ፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ቆፍጣና ሴት፣ ምን መጫወት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ውሃ አልኳት። ትንሽ አይታኝ ጥጉ ላይ ያለውን ኮምፒውተር አሳየችኝ፤ ያው ቀይና ሰማያዊ የሚያበራው፣ እርስዎ ያሰናበቱት ዓይነት ነው። ፕሮግራሙን ጭኜ ስሌቱን አስጀመርኩ። በግራዬ ሰው ይታኮሳል፣ በቀኜ መኪና ይጋጫል፤ እኔ ደግሞ እጄን አጣምሬ የዳገቱን ዝናብ እጠብቃለሁ። ክቡርነትዎ፣ በአርባ ደቂቃ አለቀ።

የውሃው ሰማያዊ መስመር በስክሪኑ ላይ ሲወርድ አጠገቤ ኳስ ይጫወት የነበረ የታክሲ ሾፌር ጨዋታውን ትቶ ዞረ። «ይቺ የኛ መንገድ አይደለችም እንዴ?» አለ። ነች አልኩት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ደጃፍ በደጃፍ እየቆጠረ የራሱ ቤት ላይ ደረሰ። የእናቴ ቤት ከእሱ ሦስተኛው ነው። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል አለቀስኩ፤ ባለቤቷም ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረችልኝ።

ካርታው ሁለት ቦይ ያስፈልጋል ይላል። አንደኛው በታችኛው ሰፈር ያልፋል፤ ሁለተኛው ከቢሯችን ጀርባ ይጀምራል። በማግሥቱ አትሜ ለፊርማ አቀረብኩልዎ። ከሁለት ቀን በኋላ «ንድፉ በቢሮው የንብረት መዝገብ ላይ በሌለ መሣሪያ የተሠራ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም፤ በተገዛው ኮንሶል ተሠርቶ እንደገና ይቅረብ» የሚል በእጅዎ የተጻፈ መልስ አገኘሁ። የእጅ ጽሑፍዎ በጣም ያምራል። እውነቱን ልንገርዎ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ካርታውን ጌም ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ለዚህ ጥፋቴ ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ በደስታ እቀበላለሁ፤ ለመጀመሪያው ጓደኛ ይሆነዋል።

የኮሚቴው ጥበብ እንዳይጎድልብን፣ ጥቁሩና ነጩም በሰላም አብረው እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ጆይስቲክ ያልለመደ እጄን ዘርግቼ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

የምድር ቤቷ ነዳፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የታክሲ ሾፌሩ ሰፈሩን አስተባብሮ፣ ጋሼ ማስመሪያ ገመድ ወጥረው እያሰመሩላቸው፣ የታችኛውን ሰፈር ቦይ በሁለት እሑድ ቆፍረውት ነበር። የተጠቀሙት ሠላሳ አንድ ዶማና አካፋ ነው፤ በሰከንድ ስንት ስሌት እንደሚሠራ ስላልተጻፈበት በሠንጠረዥዎ ስንት ነጥብ እንደሚያገኝ አላውቅም። ውሃው በእናቴ ደጃፍ አልፎ ሄደ፤ እሷም በር ላይ ቆማ አየችው። ሁለተኛው ቦይ ግን ከቢሯችን ግቢ ስለሚጀምር ያለ እርስዎ ፊርማ ዶማ ማሳረፍ አልተቻለም። በካርታው መሠረት ከባዱ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በቅድሚያ የሚገባው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ነው። እኔና ጋሼ ማስመሪያ ጠረጴዛችንን ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ከእርስዎ ቢሮ ፊት ለፊት ወዳለው ኮሪደር አውጥተናል፤ አሁን እንኳ ሊያዩን ይችላሉ። ኮንሶሎቹ ግን በንብረት መዝገቡ ላይ ስላሉ ያለ ፈቃድዎ ሊነኩ አይችሉምና፣ እዚያው ምድር ቤት ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።