የፀጉር ቆራጩ ልጅ ፀጉር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? ወገብሽ እንዴት ነው? ያን ሐኪሙ ተዪው ያለሽን የውሃ ጀሪካን አሁንም ተደብቀሽ ታነሺያለሽ ወይስ ሰው ሰማሽ? ጋሼስ ጉልበታቸው ሻል አለላቸው? ልጆቹስ? እኛ ቤት ደህና ነን። ይህችን «ደህና ነን» የምትል ቃል ስንት ዓመት እንደ ማኅተም ስመታልሽ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን እውነቱን ልጽፍልሽ ነውና መነጽርሽን አድርጊና ተረጋግተሽ አንብቢኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ተቆጥተሻል። ስትቆጪ ፊደሎችሽ ይገዝፋሉ፤ ገና ፖስታውን ስከፍተው ነው ያወቅኩት። የወንድምሽ ልጅ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት አንድ ቀን እንኳ በስልክ ድምፁን እንዳላሰማሽ ጽፈሽ፣ «አክስቱን ንቆ ነው ወይስ አንተ ነህ የምታርቅብኝ?» ብለሻል። እሱ አልናቀሽም እትዬ። እኔ ነኝ። ትምህርት ላይ ነው ያልኩሽ፣ ዓይን አፋር ነው ያልኩሽ፣ አሁን ወጣ ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ልጄ ኦቲዝም አለበት። ሐኪሙ የነገረን ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ስልክ ጆሮው ላይ ሲደረግ ደግሞ እንደ መርፌ ይወጋዋል። ለምን እንዳልነገርኩሽ ስታሰላስዪ አትድከሚ፤ አፍሬ ነው። እንዳታዝኚ ብዬም ነው፤ ይበልጡ ግን እፍረት ነው። እኔን አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለአንቺ መደበቄ ያንገበግበኛል። ይቅር በይኝ።

ሌላም የምናዘዝልሽ አለ። ይኸኛው ይብሳል።

ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቶንዶስ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ወለል ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሰው ራስ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። የልጄ ፀጉር ተንጨባሮ ሲወጣ ሰፈሩ «የፀጉር ቆራጩን ልጅ እዩት» እያለ ይሳሳቃል። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝና ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል እየጠበቅኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ፣ በመቀስ ብቻ ቀስ እያልኩ መቁረጥ ጀመርኩ። ዛሬ ግራውን፣ ነገ ቀኙን። ሚስቴ «ተው፣ ሲነቃ የጎደለውን ያውቃል» ስትለኝ እኔ በእጄ ቅልጥፍና እኮራ ነበር፤ የተኛ ሰው ሳልቀሰቅስ የምቆርጥ ባለሙያ! አስር ዓመት እንዲህ አደረግኩ። አስራ አምስት ዓመቱ ላይ አንድ ቀን ዓይኑን ገለጠ። መቀሱ ጆሮው ሥር ነበር።

አልጮኸም። ቢጮህ በስንት ጣዕሙ። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ ራሱን ማንም አልነካውም። የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያሸልበው። እናቱ ወደ ክፍሉ ስትገባ አይነሳም፤ እኔ ስገባ ግን ተፈናጥሮ ይቆማል። አራት ዓመት ሊሞላ ነው እትዬ። በገዛ ልጄ ዓይን ሌባ ሆንኩ። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወረደ፤ የፀጉሩ ነገር ግን ከናካቴው ከሐሳቤ ወጣ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ባለሁበት ልጄ ያለ ሥጋት እንዲተኛ።

አሁን ወደ አንዲት ሹፌር ልምጣ። በሰፈራችን የሚያልፈውን አውቶቡስ የምትነዳ ሴት አለች፤ ድምፅዋ ከሞተሩ ይበልጣል። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ፀጉር ቤቴ መጣች። ቶንዶሱን ገና ሳስነሳው ልጁ ጩኸቱን ለቀቀው። ወረፋ የያዙ ሦስት ደንበኞች አሉ፤ አንዱ ይነጫነጫል፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል። እኔ ምን አልኳት መሰለሽ? «ሲረጋጋ ይዘሽው ነይ» አልኳት። እኔ! እቤቴ የማውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሰው! ልጇን አቅፋ ወጣች፤ ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘልኝም።

በማግስቱ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። የስድብ ዶፍ ሊወርድብኝ ነው ብዬ የታጠፈ ፎጣ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ። አልሰደበችኝም። «ልጅህ ሁልጊዜ ከእኔ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰው ከያዘበት አይሳፈርም፤ አንተም አብረኸው የሚቀጥለውን ትጠብቃለህ። ስንት ጊዜ በመስታወት አይቻችኋለሁ። እንዲህ ያሉ ልጆች ያሉን ወላጆች ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ እንገናኛለንና ና» ብላኝ ሄደች። እኔ ነገሩን ከሰው የደበቅኩትን ልጅ ለካ ባሳፈረችው ቁጥር ልብ ስትለው ኖራለች።

የሚሰበሰቡት ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ፣ የጨርቅ ጥቅል በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሃያ አራት ዓመት ልጅ እናት ናት። አስራ አንድ ቤተሰብ ነን፤ ከመካከላችን ሐኪም የለም፣ አዋቂ ነኝ ባይም የለም፤ ሁላችንም ወላጆች ነን። አዲስ ሰው ሲገባ «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ምን ይወዳል?» ነው የሚሉት። ከዚያ አንድ ደብተር ይሰጡሻል፤ ልጅሽ የሚወደውን፣ የሚፈራውን፣ ሲከፋው የሚያበርደውን ትጽፊበታለሽ። ያንን ደብተር ሦስት ቤተሰቦች አንብበው ልጁን ይለማመዱታል፤ አንቺ ብትታመሚ ወይም እንዲሁ ደክሞሽ ጋደም ማለት ቢያምርሽ ከሦስቱ አንዱ መጥቶ ከልጅሽ ጋር ይቀመጣል። እኔ የሚፈራውን ገጽ ሙልት አድርጌ ጻፍኩት። የሚወደው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ነክሼ ቀረሁ። አስራ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ! ልብስ ሰፊዋ አየችኝና «አይዞህ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን ባዶውን ነው ይዤው የሄድኩት» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ልጄን ተመለከትኩት። ቁልፎችን በመጠናቸው መደርደር ይወዳል። የእናቱን የሥራ ሽርጥ ማሽተት ይወዳል፤ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ዱቄት ዱቄት ይላል። ከሁሉ በላይ መጥረጊያ ወለል ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ይወዳል። ሁለት ገጽ ሞላሁ። እትዬ፣ እኔ ብሞት ማን ያይልኛል የሚለው ሐሳብ ስንት ዓመት ጨጓራዬን ሲልጠው ኖረ መሰለሽ። አሁን ልጄን የሚያውቁ ሦስት ቤቶች አሉ። ሥጋቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ግን እህል ይወርድልኛል።

ሰኞ ፀጉር ቤቴ ዝግ ነው። ሹፌሯ «እንግዲያው ሰኞን ለኛ ልጆች ክፈት» አለችኝ። ሕጉን ያወጡት ወላጆቹ ናቸው፤ እኔ ባለሙያው እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ቶንዶስ አይነካም። መስታወቱ በአንሶላ ይሸፈናል። ልጁ መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ ሌላ ቀን ማበጠሪያውን ይይዛል፤ ወንበሩ ላይ የሚወጣው ራሱ ሲፈልግ ነው። ሳይጠየቅ አይነካም። ከተቆረጠለትም ጮክ ተብሎ እየተቆጠረ አስር ጊዜ ብቻ ነው፤ አስር ሲባል መቀሱ ይቀመጣል፣ ፀጉሩ የትም ይድረስ የት። እስኪ አስቢው፣ ሠላሳ ዓመት ስሜን የገነባሁ ሰው ልጆቹን አንድ ወገናቸው አጥሮ አንድ ወገናቸው ረዝሞ አሰናብታቸዋለሁ! ሰፈሩ ውስጥ ጎርበጥ ያለ ራስ ካየሽ የኛ ልጅ ነው ማለት ነው። አንዱ ደንበኛዬ እጅህ አረጀ እንዴ ብሎኛል።

ልጄም ከእኔ ጋር መምጣት ጀመረ፤ ለእኔ ብሎ ሳይሆን ለመጥረጊያው ብሎ። የወደቀውን ፀጉር ይጠርጋል፣ ማበጠሪያዎቹን በመጠን ይደረድራል፣ አቆጣጠሬንም ከጥግ ሆኖ ይሰማል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጥፋት አጠፋሁ። የሹፌሯ ልጅ ከስንት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ ወጥቶ አስሩን ጸጥ ብሎ አስቆረጠኝ። አስር ብዬ ሳበቃ ጆሮው አጠገብ አንዲት ቁራጭ ፀጉር ተንጠልጥላ ቀረች። ሌላ ወላጅ ቢሆን አያያትም ነበር። እኔ ግን ፀጉር ቆራጭ ነኝ፤ እጄን በላኝ፤ ቆረጥኳት። ልጁ ወርዶ ወጣ። ሰባት ሳምንት ድርሽ አላለም። ልጄ ደግሞ መጥረጊያውን አስቀምጦ መጣና መቀሱን ከእጄ ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ዘጋበት። ሹፌሯ «አስር አልን እኮ! አስር ማለት ላንተ ስንት ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ያን ዕለት እውነትም ከሞተሩ በለጠች።

ቤታቸው ሄጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስወጣ ሹፌሯ በሩ ላይ አስቆመችኝና «የራስህንስ ልጅ ጠይቀኸዋል?» አለችኝ። የአስር ዓመቱን ነገር ሐሙስ ላይ አውርቼላቸው ነበር። አልጠየቅኩትም። እንዴት ይጠየቃል? ቤቴ ገባሁ፤ ልጄ እንደ ልማዱ ተነስቶ ቆመ። እኔም እደጃፉ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና «ተኝተህ ሳለ ስቆርጥህ ኖሬአለሁ። ጥፋት ነው። በተኛህበት ሁለተኛ አልነካህም፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ግድግዳውን እያየ «አስር» አለ። እኔ አለቀስኩ።

እትዬ፣ ከቤትሽ ማዶ መስኮቷ ተከፍቶ የማያውቅ ጎረቤት አለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ልጇን ሰው አይቶት አያውቅም ብለሽ። እባክሽ በሯን አንኳኪ። ምን ሆኖ ነው አትበያት። ምን ይወዳል ብለሽ ጠይቂያት። መልስ ካጣች አትታዘቢያት፤ ወንድምሽም አጥቶ ነበር።

አሁን ስለ ዛሬ ልንገርሽ። ከሁለት ወር በፊት ልጄ ማንም ሳይጠራው ወንበሩ ላይ ወጥቶ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ አስር አስር እንቆርጣለን። ቆጣሪው እሱ ነው፤ እኔን አያምነኝም መሰለኝ፣ እሱ ይቆጥራል እኔ እቆርጣለሁ። ዛሬ ሌሎቹ ልጆች ከሄዱ በኋላ ተቀመጠ። አስር ሲል መቀሱን አስቀመጥኩ፤ «እንደገና» አለኝ። ሁለተኛውን አስር ጨርሰን አሁንም «እንደገና» አለኝ። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ጀርባውን ታሞቀዋለች። አራት አለ፣ አምስት አለ፣ ስድስትን ጎተት አድርጎ አለ፤ ሰባትን ስጠብቅ ቀረ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ተኝቷል። ራሱን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ እኔ መቀስ ይዤ አጠገቡ ቆሜ፣ ልጄ ተኝቷል።

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ድምፅ እንዳያሰማ ከሥሩ ፎጣ አነጠፍኩለት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ባንኮኒው ላይ ሆኜ እሱን እያየሁ ነው። አንድ ሰዓት አለፈው። ግራው በሥርዓት አጥሯል፤ ቀኙ ትከሻው ላይ ነው። እናቱ ብታየው የምትስቀውን ሳቅ አስቢው። አልነካውም። እስኪመሽ ቢተኛም አልነካውም።

ለጋሼ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከእርሳቸውም መደበቄን አንቺው በዘዴ ንገሪያቸው፤ ቁጣቸውን እችላለሁ፣ ዝምታቸውን ግን አልችልም። ለታላቋ ልጅሽ፣ መንታ ወለደች ሲሉኝ እልል አልኩ፤ ሁለቱንም ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለተማሪው፣ ምላጭ ሳይነካው ጢም አወጣሁ እያለ እንዳያስቸግርሽ፤ እኔ ስመጣ እፈርድለታለሁ። ለትንሿ፣ አጎትሽ ይናፍቅሻል በያት። ሚስቴ ከዳቦ ቤት እስክትመለስ አልጠበቅኳትም፤ ሰላምታዋን ግን ሁልጊዜ አስቀድማ ነው የምትሰጠኝ፤ በጣም በጣም ትልሻለች።

ደብዳቤውን ላጥፍ ስል ነቃ። መቀሱን ፈልጎ ፎጣው ላይ አየው። እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ ግራውን ዳበሰ፣ ቀኙን ዳበሰ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ተደላድሎ ተቀመጠና «ሰባት» አለኝ።

ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ ባንኮኒ ላይ
ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል