አባዬና የነጭ ሽንኩርቱ ውሃ

ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፤ ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? ያ ላቦራቶሪ እህል ውሃ ያስቀምስሃል ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ አባዬ ስንደዋወል ጆሮውን ከጎኔ ስለማያርቅ ነው።

ነጭ ሽንኩርትና የኒም ቅጠል ቀጥቅጣችሁ፣ ዘፍዝፋችሁ ቲማቲሙ ላይ ርጩ ያልከውን አደረግን። ፈንገሱ የላቦራቶሪውን ሳህን ሞልቶ የሽንኩርቱ ጠብታ ያረፈበትን ብቻ ፈርቶ የተወበትን ያንን የላክኸውን ፎቶ አባዬ ያላሳየው ጎረቤት የለም። ቤቱ በሽንኩርት ሽታ ታፈነ፤ እማዬማ እንኳን ፈንገሱ እኔም ልሸሽ ነው ትል ነበር። እውነትም መጀመሪያ ቲማቲሙ ቀና አለ፤ ቅጠሉ ላይ የነበረው ቡናማ ነጥብ መስፋቱን ተወ። ደስታችንን አትጠይቀኝ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። እኛ እንረጫለን፣ እሱ ያጥባል። ነጥቡ ከቅጠል ወደ ግንድ ወረደ፤ ፍሬው እየጠቆረ ረገፈ። የግብርና ባለሙያዋ መጥታ አየችና፣ መድኃኒቱ ውሸት አይደለም፣ ግን ሳህን ላይ ዝናብ አይዘንብም አለች። አሁን ነቅላችሁ አቃጥሉት፣ አለዚያ ወደ ጎረቤት ይዛመታል ብላን ሄደች። ማሳው ከእኛ ጋር የሚዋሰነው ልብስ ሰፊው መጥቶ አባዬን ለመነው። አባዬ ግን ልጄ ተምሮ ያገኘውን ለአንድ ዝናብ ብዬ አልጥልም አለ።

ትናንት ማለዳ እሱ ሳይነሳ ልነቅለው ወጣሁ። ቀድሞኛል። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ቅጠል ያልቀረበትን ግንድ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ እያለ ይረጫል። አልቆብኛል፣ ጨምሪልኝ አለኝ። ጨመርኩለት።

ካንተ በቀር የማንንም አይሰማም። ተው በለው ልልህ ነበር እስክሪብቶ ያነሳሁት፤ ግን ተው ብትለው ነገ ለምን ብሎ ከአልጋው እንደሚወርድ አላውቅም። ዝም ብትል ደግሞ የልብስ ሰፊው ማሳ ዳር ዳሩን ነጥብ ጀምሮታል። ግራ ገብቶኛል፣ ወንድሜ።

እማዬ ደረትህን እንዳይመታህ ሸፈን በል ትልሃለች። ታናሿ እህታችን ጥርሷን ነቅላ እየተኮላተፈች ሰላም ትልሃለች። አባዬ ስጽፍ አይቶኝ፣ ሰላም በይልኝ፣ ቅጠሉ ሻል ብሎታል ብለሽ ጻፊለት ብሎኛል። እንዳለኝ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ
ከቤት፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን