የአርባ ሰባቷ ሳንቲም
ልጄ ኢትሴል፣ የጓዳሉፔዋ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ አትለይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ሎሚያችን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

የሰፈራችንን ማኅበር መዋጮ ከማድሪድ ስለከፈልሽልኝ ተባረኪ። ስሜ ግን ካልከፈሉት ጋር ዋናው በር ላይ ተለጠፈ! ገንዘብ ያዡ ዶን ናቦር፣ "ዘጠኝ መቶ ፔሶ ከአርባ ሰባት ሳንቲም አልገባም" አለኝ። መዝገቡን አብረን ስናየው፣ ለካ አንድ ሺህ ድፍኑን ልከሻል። ሳንቲሟ እኮ የቤት ቁጥራችን ናት፤ ያለሷ የማን ክፍያ እንደሆነ በምን ይወቅ?

"ልጄ ስስት አታውቅም፣ ሞልታ ነው የምትልከው!" አልኩት፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ወረቀቱን ራሱ ገነጠለው።

አደራ፣ አርባ ሰባትን አትርሺ። ስትመጪም የምታንኳኪው የዚያኑ ቁጥር በር ነው፤ አምላክ ያን ቀን ያሳየኝ።

እናትሽ