«ሃያ» የሚለው ቀጠሮ

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

«ዝም ብለሽ ተኚ» አለኝ ዶክተሩ፤ የአልትራሳውንዱ መሣሪያ ሆዴ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ቀረ። ከእትብቱ ወደ ልጁ ጉበት ደም የሚወስደው ሥር፣ በልጁ ሆድ ውስጥ ባለው በኩል ሰፍቷል። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ በሰላም ይወለዳሉ አለኝ። አንዳንዴ ግን ደሙ እዚያ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። ስለዚህ ክትትል። የልጁን እንቅስቃሴ መቁጠር።

ቀጠሮዬን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ 20። ገና አሥራ ስድስት ቀን። እንዲህ ካራቀውማ አያሰጋም ማለት ነው ብዬ ከጂንካ ቀይ አፈር ከተማ ቤቴ እስክደርስ ራሴን አጽናናሁ።

ባለቤቴ ዳዊት ለከብት ክትባት ቆላ ወርዷል፣ ካንጋተን። ስልኩ አይሠራም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

የዳዊት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ግማሹ በቋንቋቸው በአሪኛ ስለሆነ አልገባኝም፣ አሜን ማለቱን ግን አላቋረጥኩም። «አንቺ አትፍሪ፣ ጌታ አለ» አሉኝ። እፈራለሁ እንጂ!

ከምሳ በኋላ ቆጠርኩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ተራገጠ። ጎበዝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሰባት ብቻ። ገበያ ስዞር ስለዋልኩ ይሆናል።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ጉዴ ፈላ።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ እየቀየርኩ እመዘግባለሁ። ዛሬ «ኖቬምበር 20» የሚል መጣ። ኅዳር 11 ብዬ ጻፍኩና የቀጠሮዬን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። የዶክተሩ ሃያ! እሱም በፈረንጅ ነው የጻፈው። ቀጠሮዬ ካለፈ ሁለት ቀኑ። ለወረዳው ሁሉ ቀን ስቀይር የምውል ሴት የገዛ ልጄን ቀን ሳልቀይር ቀረሁ። ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ከነጋ የተራገጠው ሦስቴ ነው።

በገበያ ማግስት ወደ ጂንካ መኪና የለም። በመከራ ማሽላ የጫነ አይሱዙ ጋቢናው ውስጥ አስገባኝ። ሾፌሩ ሆዴን አየና «እህቴ፣ ቀስ ልበል ወይስ ቶሎ ልንዳ?» አለኝ። «ሁለቱንም» አልኩት።

ዶክተሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሥሩ ይበልጥ ሰፍቷል፣ ደሙም በአንድ ጎን መርጋት ጀምሯል። የልጁ የልብ ምት ግን አለ። አስተኙኝ። የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ወጉኝ፣ ነገ ይደገማል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

የልብ ምት ይሰማል። ነርሷ ማዳመጫውን ባነሳች ቁጥር ፊቷን አያለሁ። ዳዊት በሰው ስልክ ደወለ፣ መንገድ ላይ ነው። ጥፋቴን አልነገርኩትም። በስልክ አይሆንም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ምቱ ወረደ። ሮጡ። ኦፕራሲዮን።

ሴት! አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ጮኸች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኦክስጅን ላይ ናት። አላሳዩኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ዳዊት አቧራ እንደለበሰ ገባ። ስለ ቀኑ ሁሉንም ነገርኩት። ብርድ ልብሱን አስተካከለልኝ። ከዚያ «በልተሻል?» አለኝ። በዚህ ሰው ምን ላድርግ?

ከሰዓት ነርሷ ኦክስጅኑን ነቀለችና ልጅቱን ራቁቷን ደረቴ ላይ አስተኝታ በነጠላ ሸፈነችን። «እንሞክራታለን። ከከበዳት እንመልስላታለን» አለች። ጎኗ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አንዳንዴ ይዘገይና እኔም አብሬ ትንፋሼን እይዛለሁ። ዳዊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ተነፈሰች» ይለኛል። አየሁ እለዋለሁ። ደግሞ «ተነፈሰች» ይላል።