በማን ስም ልጥቀስህ?

ቦንጋ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? አብርሆትና ልጆቻችሁስ ደኅና ናቸው? ቡናው መቅላት እንደጀመረ ከማንኪራ ለገበያ የመጡ ሰዎች ነግረውኛል። ዝናቡ እንዲህ ከቀጠለ ማድረቂያ እንደምትቸገሩ አውቃለሁና እግዜር ፀሐዩን ያውጣላችሁ። እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደኅና ነኝ። የተከራየነው ክፍል ጣሪያው ያፈሳል እንጂ ሌላ የሚያማርር ነገር የለም።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ነገሩ ጠንከር ሲል አንተ ጋ ኔትወርክ የመጥፋት ልማድ ስላለው ደብዳቤ መረጥኩ። ማር ሊገዛ ወደ እናንተ የሚመጣው ሻፊ ያደርስልኛል። ደግሞም የምጠይቅህ ነገር በጽሑፍ መሆን አለበት ተብያለሁ።

ነገሩ የትምህርት ነው። የጽሑፍ መምህራችን፣ መምህር ኢሳያስ፣ እያንዳንዳችን አንድ የሚያከራክር ጉዳይ መርጠን ወገን ይዘን እንድንጽፍ አዘዙን። አብራኝ የምትኖረው ካውሰር ስለ ፕላስቲክ ከረጢት መረጠች። እኔ ሴት ልጅ የአባቷን የጫካ ቡና ከወንድሞቿ እኩል ልትካፈል ይገባታል የሚለውን ያዝኩ። አሁን ግንባርህ እንዴት እንደተቋጠረ ይታየኛል። እባክህ ፍታውና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

መምህር ኢሳያስ "ይባላል" የሚል ቃል ካዩ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙታል። ማን አለ፣ መቼ አለ፣ የት አለ ነው ጥያቄያቸው። የሰው ቃል የወሰደ ባለቤቱን ይጠራል፤ ካልጠራ ሌባ ነው። ከሁለተኛ ሰው አፍ የሰማነውን ደግሞ እስከ መጀመሪያው ተናጋሪ ሄደን እንድናጣራ ይፈልጋሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው እንግዲህ። አባባም ሰው ወሬ ይዞበት ሲመጣ "አንተ የት ቆመህ ሰማህ?" ይል አልነበር? ወሬኛው ወዲያው ያልጨረሰው ሥራ ትዝ ይለውና ይሄድ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ መጀመሪያ አስለቅሶኝ ነበር። ርዕሴን እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ ብጽፈው ምንም የለም አለኝ። እትዬ የሺሃረግ የሚባሉት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አይተው ሳቁብኝ። ማሽኑ ሙሉ ንግግር አይሰማም፣ ዋና ዋናውን ቃል ብቻ ስጪው አሉኝ። መሬት፣ ውርስ፣ ሴት ብዬ ስሰጠው የምፈልገው ተደርድሮ መጣ። ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩ፤ በውርስ ላይ ሴትም ወንድም እኩል ናቸው ይላል። ስለ መሬት ሕግ የተጻፈውን መጽሐፍ ከክፍሉ አይወጣም ስላሉኝ እዚያው ተቀምጬ ገለበጥኩት። መብራት ሲሄድ ወደ መስኮቱ ተጠግቼ ጨረስኩ።

የቸገረኝ ሌላው ወገን ነበር። መምህሩ የተቃዋሚን ሐሳብ አሽሞንሙናችሁ ጻፉ፣ ራሱ ቢያነበው "አዎ፣ ይህንኑ ነው ያልኩት" ማለት አለበት ይላሉ። መጽሐፉን ሁሉ ባገላብጥ ሴት አትካፈል ብሎ አሳምሮ የሚከራከር አጣሁ። ካንተ የተሻለ የተከራከረ የለም፣ ወንድም ጋሼ። ይህን ስልህ እየቀለድኩ አይደለም።

በአባባ ተዝካር ዕለት በሽማግሌዎቹ ፊት ያልከውን ጻፍኩት። ጫካው ከተቆራረጠ ለማንም አይበቃም ብለሃል። ሴት ልጅ የምትገባበት ቤት አላት ብለሃል። እሷ ከተማ ስትማር እኔ ጦጣ ስጠብቅ፣ ሐረግ ስመነጥር ኖርኩ ያልከውንም አልተውኩም። ይህቺን ስጽፍ እጄ ተያዘ፣ እውነት ናትና። አንተ ትምህርትህን አቋርጠህ ባትቀር ኖሮ እኔ እዚህ አልቀመጥም ነበር። እሱንም ጽፌዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ምንጮቼን በመጨረሻው ገጽ ስደረድር ነው። መመሪያው የውጭ አገር ስለሆነ የአባት ስም አስቀድሙ፣ የራስን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሩ ይላል። እኔም እንደታዘዝኩት አደረግኩ። ካውሰር ስታርምልኝ እዚያ ላይ ስትደርስ ቀና አለችና ወልደሥላሴ አባትሽ አይደሉም እንዴ፣ ሴት አትካፈል ያሉት እሳቸው ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። የአባባ ስም ፊት ለፊት ተቀምጧል። ያንተ ስም ከኋላው አንድ ፊደል ሆኖ ቀርቷል። ደነገጥኩ።

መምህር ኢሳያስን ሄጄ ስጠይቃቸው ይህ ስህተት በየዓመቱ ይገጥመኛል አሉ። የኛ አገር ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠቀሰው፣ የልጁን ንግግር አባቱ ላይ አትጫኚ አሉኝ። አስተካከልኩት። አሁን ያንተ ቃል በሙሉ ስምህ ተጽፏል።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልስተካከል አለችኝ። ንግግርህን ስትጨርስ አባባ በመጨረሻዋ ሰዓት እጄን ይዞ ጫካው የወንድ ልጄ ነው ብሎኛል ብለህ ነበር። ሽማግሌዎቹም እሷን ሲሰሙ ነው ዝም ያሉት። መምህሩ ይህ ከሁለተኛ ሰው የተሰማ ነው፣ ወደ ምንጩ ሂጂ ብለው ጎኑ ላይ ጻፉበት።

ምንጩ ጋ ነበርኩ፣ ወንድም ጋሼ። ሆስፒታል አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። አንተ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶብህ ዘግይተህ ደረስክ፤ ለዚያ ማንም አይወቅስህም። ስትደርስ አባባ መናገር አቁሞ ነበር። እጁን የያዝከው አንተ ነህ። እያለቀስክ ስትጠራው አንድ ቃል አልመለሰልህም። ምናልባት መድኃኒት ላመጣ የወጣሁበት ጊዜ ይኖር ይሆን ብዬ ደጋግሜ አሰብኩ። አልወጣሁም።

ተናድጄብሃለሁ። ተዝካሩ ላይ ዝም ያልኩት ሰው ፊት ላላዋርድህ ብዬ ነው፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። መውደዴም እንዳለ ነው።

እኔም ከአባባ የሰማሁት አለ። አንተ ከመድረስህ በፊት፣ ገና ሲናገር፣ ስለ ጫካው ያለኝ ነገር አለ። ብቻዬን ስለሰማሁት ምስክር የለኝም፤ ስለዚህ ጽሑፌ ውስጥ አላስገባሁትም። ተዝካሩም ላይ አልተናገርኩትም። ላንተም አልጽፍልህም፣ ሙት አናጋሪ አልሆንም።

የመሬቱን ደብተር በስምህ ልታዞር ወረዳ እንደምትሄድ እማዬ ነግራኛለች። ከጫካው ላስወጣህ አልፈልግም። የኔን ድርሻ አንተው ልቀመው፣ ቀፎህንም ስቀልበት፤ የኔ መሆኑ ግን ይታወቅ። ወረዳም ማን አለ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ በራስህ ስም ተናገር። ጦጣ ጠብቄያለሁ በል፣ ትምህርቴን ትቻለሁ በል። እኔም እውነት ነው እላለሁ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህ ነው። ከሰው አፍ የተወሰደ ቃል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወጣም። ከፈቀድክ አንድ መስመር ጽፈህ ወረዳ ከመሄድህ በፊት በሻፊ ላክልኝ። ካልፈቀድክ ያንተን ቃል እሰርዘዋለሁ፣ ጽሑፌም በአንድ እግሩ ይቆማል። የአባባን ስም ግን እጄን ይዞ አለኝ ባልከው ቃል ላይ አልጽፍም። አንተም አትጻፍበት።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አብርሆትን ናፍቃኛለች በላት። ጫካውን ከመጥረቢያ፣ ቀፎህን ከጉንዳን፣ አንተን ከክፉ ሰው ምክር ይጠብቅልኝ። ዛፍ ላይ ስትወጣ ገመዱን አጥብቀህ እሰር፤ ካንተ ሌላ ወንድም የለኝም።

የአባትህ ልጅ፣
እህትህ