የሥጋው ማንኪያ

ሰኞ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2013፣ ወልድያ

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው የተፈጨ ሥጋ ሳይበላሽ ዛሬ መብሰል ነበረበት። ከሰል አቀጣጥዬ፣ ጅዳ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ፊሊፒናዊት እንዳሳየችኝ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ስኳር ሠራሁት። ከዚያ ያመጣሁት ሶያ ሶስ የሚሉት ጥቁር ማጣፈጫም ተንጠፍጥፎ አለቀ። ሩዙ እስኪበስል የሚደርስ ወጥ ነው። ባሌ ሰዒድ ይወደዋል። ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ መርሳ እንደሄደ አልተመለሰም፤ ስልኩም አይሠራም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ተኩሱን ፈርተው እኛ ቤት ናቸው፤ የኛ ቤት ብሎኬት ነው። የእስላም ሥጋ አይበሉም፣ ደግሞም ፍልሰታ ነው። ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ በማስቀምጠው ድስት ካሮትና ጎመን ሠራሁላቸው። እናቴም እንዲህ ያለ ድስት ነበራት።

ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ደንግጬ የሥጋውን ማንኪያ የሳቸው ድስት ውስጥ ከተትኩት። ፊታቸው ወደ በሩ ነበር፤ አላዩም። ወላሂ፣ ዝም ልል ነበር። ሌላ ካሮት የለም፤ እሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አልሆነልኝም።

«እትዬ፣ የሥጋው ማንኪያ ድስትዎ ውስጥ ገባብኝ» አልኳቸው።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ሩዙን በጨው እበላለሁ። ይኼንንም ለሰዒድ ክደኚለት፤ ርቦት ነው የሚመጣ።»

ዛሬ ይመጣል ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱንም ድስት ከደንኩ።

ተኩሱ አሁን በመርሳ በኩል ነው። እትዬም ሩዙን አልነኩት።